ደቡብ ሱዳን በምሥራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ ውስጥ፤ አዲስ ነፃነትና የትልቅ ኅብረት ጥያቄ

ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2011 (ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም) ነፃነቷን ካወጀች በኋላ 193ኛዋ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባልና 54ኛዋ የአፍሪካ ኅብረት አባል ሀገር ለመሆን ሳምንታት ብቻ ነበር የፈጀባት። የምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት ባለሥልጣንም (ኢጋድ) በዚያው ዓመት ተቀብሏታል። በዚያው በ2011 ያቀረበችው ሌላ የአባልነት ጥያቄ ግን ምላሽ ያገኘው አምስት ዓመታት ገደማ ቆይቶ ነው። ይኸውም የምሥራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ አባል ለመሆን ያቀረበችው ጥያቄ ነው።

ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ድርጅቶች ለአዲሱ መንግሥት ዕውቅና የሚሰጡ ናቸው። ማህበረሰቡ ግን ዕውቅና ከመስጠት አልፎ ከአባሎቹ የሚወስደው ነገር አለው። የጉምሩክ ታሪፍን፣ የሠራተኛ ዝውውርን፣ ከጊዜ በኋላም ገንዘብን የሚመለከተውን ሥልጣን በጋራ ተቋም እንዲያስተዳድሩ ይጠይቃል። ከዚያም ባሻገር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1999 አሩሻ ላይ የተፈረመው ስምምነት በአምስተኛው አንቀጹ የመጨረሻ ግቡን የፖለቲካ ፌዴሬሽን ብሎ አስቀምጧል። በሕዝበ ውሳኔ 98.83 በመቶ ድምፅ ነፃነቱን የመረጠ ሕዝብ፣ የዚያን ነፃነት ከፊል ለሌላ አካል ለማስረከብ በዚያው ዓመት ማመልከቻ ማስገባቱ በመጀመሪያ እይታ ግራ የሚያጋባ ይመስላል።

ይሁንና በአካባቢው ታሪክ ነገሩ አዲስ አይደለም። የታንጋኒካው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1960 የጎረቤት ሀገሮች ነፃነት አብሮ እንዲደርስና ፌዴሬሽኑ በአንድነት እንዲመሠረት ሲሉ የራሳቸውን ሀገር ነፃነት ለማዘግየት ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸው ነበር። መከራከሪያቸው ቀላልም ጥልቅም ነበር። ሀገሮች አንድ ጊዜ የየራሳቸውን ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ፣ አምባሳደር ከሾሙና በተባበሩት መንግሥታት መቀመጫ ከያዙ በኋላ ሥልጣን መልሶ መስጠት አስቸጋሪ ይሆናል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1963 ኔሬሬ፣ ጆሞ ኬንያታና ሚልተን ኦቦቴ ናይሮቢ ላይ በዚያው ዓመት ፌዴሬሽን ለመመሥረት ማሰባቸውን ቢያስታውቁም ዓመቱ ሳያልቅ ሐሳቡ ተንጠባጥቦ ቀርቷል። ኡጋንዳ በተለይ የውጭ ግንኙነት ሥልጣኗንና በውስጧ ያሉትን ነገሥታት ደረጃ በሚመለከት ጥርጣሬ አድሮባት እንደነበር ይታወሳል።

በአንጻሩ በችኮላ የተፈጸሙ ሁለት ውሕደቶች አሉ። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1963 ነፃ ወጥታ በጃንዋሪ 1964 አብዮት ተካሄደባት፤ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 26 ቀን ደግሞ ከታንጋኒካ ጋር ተዋሕዳ የዛሬዋ ታንዛኒያ ተመሠረተች። ከነፃነት እስከ ውሕደት አምስት ወር እንኳን አልሞላም። ውሕደቱ ግን ስድሳ ዓመታትን ተሻግሯል። ለዚህ የሚሰጠው አንዱ ምክንያት ዛንዚባር የራሷን ፕሬዚዳንት፣ መንግሥትና ሕግ አውጪ አካል ይዛ መግባቷ፣ የኅብረቱ ጉዳዮች የሚባሉትም በዝርዝር መቆጠራቸው ነው። ያም ሆኖ 11 ሆነው የተጀመሩት እነዚህ ጉዳዮች ከጊዜ በኋላ በእጥፍ መጨመራቸው እስከ ዛሬ ድረስ በደሴቲቱ ቅሬታ ያስነሳል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከእንግሊዝ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1960 ነፃ የወጣችው ሶማሊላንድ ናት። አምስት ቀን ብቻ ነፃ ሆና ቆይታ ጁላይ 1 ቀን ከደቡቡ ጋር ተዋሐደች። ጉጉቱ እውነተኛ፣ ሕጋዊ ሥራው ግን ያልተሟላ ነበር። ሁለቱ ሕግ አውጪ አካላት ያጸደቁት ሰነድ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ጉድለቱን ለማረም የሞከረው ሕግ የወጣው በ1961 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሕገ መንግሥቱ ላይ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከሰሜኑ ድምፅ ሰጪዎች የሚበዙት ተቃውመውታል። ዓመቱ ሳይጠናቀቅም የሰሜን መኮንኖች የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አድርገዋል። በ1991 የሆነው ይታወቃል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሁለቱም ውሕደቶች እኩል ፈጣን የነበሩ መሆናቸው ነው። የለያያቸው የወረቀቱ ሥራ፣ ማለትም ምን ተሰጠ፣ ምን ቀረ የሚለው አስቀድሞ መጻፍ አለመጻፉ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሌሎች ምክንያቶች እንደተጠበቁ ሆነው።

የምሥራቅ አፍሪካ ማህበረሰብም ራሱ የፈረሰ ቤት ላይ የተሠራ ነው። በ1967 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተቋቋመው የመጀመሪያው ማህበረሰብ በ1977 ፈርሷል። የኬንያ ኢንዱስትሪ ብልጫ፣ የታንዛኒያና የኬንያ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ተቃራኒነት፣ ኢዲ አሚን በ1971 ሥልጣን ከያዙ በኋላ ኔሬሬ ከእርሳቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ለመቀመጥ ፈቃደኛ አለመሆናቸው ተደማምረው አፈረሱት። በጋራ ይንቀሳቀስ የነበረው አየር መንገድ ተበተነ፣ የታንዛኒያና የኬንያ ድንበር ለዓመታት ተዘጋ። የንብረት ክፍፍሉ ስምምነት ላይ የደረሰው በ1984 ነው።

በዚህ ትምህርት ላይ ተመሥርቶ በ1999 የተጻፈው ስምምነት ነገሩን በአራት ደረጃ ከፍሎታል። የጉምሩክ ኅብረቱ በ2005 ሥራ ጀመረ፤ የጋራ ገበያው ፕሮቶኮል በ2010 ጸና፤ የገንዘብ ኅብረቱ ፕሮቶኮል በ2013 ተፈረመ፤ ፌዴሬሽኑ የመጨረሻው ነው። ለአዲስ አባልነትም መመዘኛ ተቀምጧል። ስምምነቱን መቀበል፣ መልካም አስተዳደርን፣ ዴሞክራሲን፣ የሕግ የበላይነትንና ሰብዓዊ መብትን ማክበር፣ የመልክዓ ምድር ቅርበት፣ በገበያ የሚመራ ኢኮኖሚ የመሳሰሉት ናቸው። ሩዋንዳና ቡሩንዲ በዚህ መንገድ በ2007 ገብተዋል።

ካርቱምም እንዲሁ በ2011 ጥያቄ አቅርባ ነበር። ሱዳን ከደቡቡ መለየት በኋላ በወቅቱ ከነበሩት ከአምስቱ አባላት ከአንዱም ጋር ድንበር ስለማትጋራ፣ ከዚያም ባሻገር በአስተዳደር ጉዳይ ጥያቄ ስለተነሳባት ተቀባይነት አላገኘችም። የጁባ ጥያቄ ግን ለምርመራና ለድርድር ተመርቷል። መርማሪዎቹ ያገኟት ሀገር ሕጎቿን ገና እየጻፈች ያለች፣ ተቋማቷን ከባዶ እየገነባች ያለች ነበረች። ድርድሩ እየተጓተተ ሳለ ዲሴምበር 2013 ላይ የእርስ በርስ ጦርነት ተቀሰቀሰ።

በኢጋድ አደራዳሪነት የሰላም ስምምነቱ በኦገስት 2015 አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ፤ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ጥቂት ቀናት ዘግይተው ጁባ ላይ ፊርማቸውን አኖሩ። የማህበረሰቡ መሪዎች አሩሻ ላይ ደቡብ ሱዳንን ለመቀበል የወሰኑት ማርች 2 ቀን 2016 ነው። የመግቢያ ስምምነቱ በኤፕሪል 15 ዳሬሰላም ላይ ሲፈረም ሪየክ ማቻር ገና ወደ ጁባ አልተመለሱም ነበር። በሐምሌ ወር ዋና ከተማዋ ዳግም በውጊያ ታመሰች። የማጽደቂያው ሰነድ ለዋና ጸሐፊው የገባው ከዚያ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን ነው። በመመዘኛው ፊደል ከተሄደ አባልነቱ በዚያ ዓመት መፈቀዱ የሚያጠያይቅ ነበር። መሪዎቹ የመረጡት ግን አንድን ጎረቤት ከደጅ አቁሞ እንዲሻለው ከመጠበቅ ከውስጥ ሆኖ እንዲሻለው ማድረግን ነው። ይህ የፖለቲካ ውሳኔ እንጂ የቴክኒክ ውሳኔ አልነበረም።

ጁባን ወደዚህ የገፋት ምን ነበር የሚለው ጥያቄ መልሱ ከሁሉ በፊት ነዳጅ ላይ ይገኛል። ነፃነት ሲታወጅ ከመንግሥት ገቢ 98 በመቶ ያህሉ ከነዳጅ የሚገኝ ነበር፤ ነዳጁ የሚወጣው ግን በአንድ አቅጣጫ፣ በሱዳን ምድር አልፎ በፖርት ሱዳን ብቻ ነው። በማስተላለፊያ ክፍያ ላይ የተነሳው ውዝግብ ሲከር የደቡብ ሱዳን መንግሥት በጃንዋሪ 2012 በቀን 350 ሺህ በርሜል ገደማ የነበረውን ምርት ሙሉ በሙሉ አቆመ። ነፃ ሀገር የራሷን የገቢ ምንጭ በራሷ እጅ መዝጋቷ ብርቅ ነው። በሴፕቴምበር 2012 በአዲስ አበባ ስምምነት እስኪደረስና በኤፕሪል 2013 ምርቱ እንደገና እስኪጀመር ድረስ ሀገሪቱ ያለ ዋና ገቢዋ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይታለች።

ምርቱ በቆመ በሁለተኛው ወር፣ ማርች 2 ቀን 2012፣ ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ላሙ ላይ ተገናኝተው የላፕሴት ኮሪደርን ሥራ ማስጀመራቸው ከዚህ የተለየ ታሪክ አይደለም። ወደብን፣ መንገድን፣ የባቡር ሐዲድንና የነዳጅ ቧንቧን የያዘው ዕቅድ ለደቡብ ሱዳን ከካርቱም ሌላ በር የሚከፍት ነበር። የላሙ ወደብ የመጀመሪያው መልህቅ ማቆሚያ በ2021 ሥራ ቢጀምርም ቧንቧው አልተዘረጋም። የዚህ መዘግየት ዋጋ በግልጽ የታየው የሱዳን ጦርነት በኤፕሪል 2023 ከፈነዳ በኋላ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ከነዳጁ ዋናውን ክፍል የሚያስተላልፈው መሥመር በጦርነቱ ቀጣና ተሰብሮ፣ መንግሥት ለወራት ደመወዝ መክፈል ተስኖት ቆየ። ፍሰቱ ሊቀጥል የቻለው በ2025 መጀመሪያ ነው። ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ይህ የኅብረትና የሉዓላዊነት ክርክር ምን እንደሚመስል ከማንኛውም ሰነድ በላይ ያሳያል፤ በሰው ሀገር የተሰበረ ቧንቧ በራሱ ሀገር ደመወዙን አስቀርቶበታል።

ከነዳጁ ወጪ በተቃራኒ የሀገሪቱ የገቢ ሸቀጥ የሚመጣው ከደቡብ ነው። ከሞምባሳ ተነስቶ በኬንያና በኡጋንዳ በኩል ከ1 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በኒሙሌ በኩል ጁባ ይደርሳል። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው የ192 ኪሎ ሜትር መንገድ አስፋልት የለበሰው በ2012 ነው። ስለዚህ ደቡብ ሱዳን ማህበረሰቡን ከመቀላቀሏ በፊትም በኑሮዋ ተቀላቅላ ነበር ማለት ይቻላል። ያልተቀላቀለው አስተዳደሯ ነው።

ይህ አስተዳደራዊ ልዩነት በየጊዜው ብቅ ይላል። በሴፕቴምበር 2014፣ የአባልነት ጥያቄው በድርድር ላይ ሳለ፣ የሀገሪቱ የሠራተኛ ሚኒስቴር ሆቴሎች፣ ባንኮችና የዕርዳታ ድርጅቶች የውጭ ሠራተኞችን በአንድ ወር ውስጥ በዜጎች እንዲተኩ የሚያዝ ሰርኩላር አወጣ። ከጎረቤት መንግሥታት ተቃውሞ ሲነሳ ትእዛዙ ተለሳልሶ ተተረጎመ። ይሁን እንጂ ስጋቱ መሠረት አልባ አልነበረም። በጁባ ሆቴሉን፣ የውሃ ቦቴውንና የግንባታውን ሥራ የያዙት በብዛት ኡጋንዳውያን፣ ኬንያውያን፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በጦርነት ምክንያት ትምህርት ያልተማረ ትውልድ ክፍት በሆነ የሥራ ገበያ ከካምፓላና ከናይሮቢ ተመራቂ ጋር እንዲወዳደር መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። የጋራ ገበያው ፕሮቶኮል ደግሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በጉምሩኩም በኩል እንዲሁ ነው። የማህበረሰቡ የጋራ የውጭ ታሪፍ ከ2022 ጀምሮ ዜሮ፣ 10፣ 25 እና 35 በመቶ የሆኑ አራት እርከኖች ሲኖሩት፣ ደቡብ ሱዳን ይህንኑ ወደ ሥራ ለማስገባት የሽግግር ጊዜ ተሰጥቷት ቀስ በቀስ ስትጓዝ ቆይታለች። ከነዳጅ ሌላ ያለው ገቢ በአብዛኛው ከድንበር የሚሰበሰብ በመሆኑ በዚህ መስክ ሥልጣን ማካፈል የደመወዝ ጉዳይ ይሆናል። በ2024 የነዳጅ ገቢው ሲቋረጥ መንግሥት በኒሙሌ በሚያልፉ ጭነቶች ላይ አዳዲስ ክፍያዎች ጣለ፤ የተባበሩት መንግሥታት የነዳጅ ቦቴዎች ጭምር ድንበር ላይ ቆመው የምግብ ዕርዳታ በአየር መጣል እስከ መቋረጥ ደረሰ። ከድርድር በኋላ ክፍያው ተነሳ። ጥፋቱን በግዴለሽነት ብቻ መተርጎም ስህተት ይሆናል። ገቢው የደረቀበት ግምጃ ቤት የቀረው በር ያ ነበርና።

የአባልነት መዋጮም ሌላው ራስ ምታት ነው። አባላት ለረጅም ዓመታት የማህበረሰቡን በጀት የሸፈኑት በእኩል መጠን ሲሆን፣ ደቡብ ሱዳን ውዝፍ ካለባቸው ሀገሮች ግንባር ቀደሟ ሆና ቆይታለች። ዕዳው እያለም ፕሬዚዳንት ኪር ከኖቬምበር 2023 እስከ ኖቬምበር 2024 የማህበረሰቡ መሪዎች ጉባኤ ሊቀመንበር ነበሩ።

በሕግ በኩል የታየው ክስተት ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ትርጉም ያለው ነው። ስምምነቱ እያንዳንዱ አባል ሀገር ዘጠኝ ተወካዮችን በብሔራዊ ምክር ቤቱ አስመርጦ ወደ ማህበረሰቡ ሕግ አውጪ ምክር ቤት እንዲልክ ያዝዛል። ደቡብ ሱዳን ግን የመጀመሪያዎቹን ተወካዮች በምርጫ ሳይሆን በሹመት ላከች። ጉዳዩ በ2017 በማህበረሰቡ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቃለ መሐላው ታገደ፤ ተወካዮቹ መቀመጫቸውን የያዙት ምክር ቤቱ ጉዳዩን ካየው በኋላ ነው። አንድ አዲስ ነፃ ሀገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሷ ውጭ ባለ ፍርድ ቤት የአፈጻጸም ሥርዓቷን እንድታስተካክል ተደርጋለች ማለት ነው። ስምንተኛው አንቀጽ የማህበረሰቡ ሕግ ስምምነቱን በሚመለከቱ ጉዳዮች ከብሔራዊ ሕግ በላይ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ አንቀጹ በጁባ ከወረቀት አልፎ የታየው በዚህ አጋጣሚ ነው። ጁባም አልወጣችም፤ መውጣት ብትፈልግ 145ኛው አንቀጽ የብሔራዊ ምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅና የ12 ወራት ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከዚህ በመነሳት ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ደቡብ ሱዳን በንግድ ማህበረሰቡ ውስጥ ገብታለች፤ በፖለቲካ ኅብረቱስ መግባት ትችላለች? ፌዴሬሽኑ እንዲፋጠን በ2004 የተቋቋመው በአሞስ ዋኮ የተመራው ኮሚቴ 2013ን አመላክቶ ነበር፤ ዓመቱ አልፎ ሄደ። በሜይ 2017 መሪዎቹ ፌዴሬሽን ለመድረስ የሽግግር ምዕራፍ የሚሆን የፖለቲካ ኮንፌዴሬሽንን ተቀበሉ፤ ረቂቅ ሕገ መንግሥት የሚያዘጋጅ የባለሙያዎች ቡድንም በየሀገሩ ሕዝብ ማወያየት ጀመረ። በመካከሉ ኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ በ2022፣ ሶማሊያ በ2024 ሙሉ አባል ሆነው የአባላቱ ቁጥር ስምንት ደርሷል። መስፋቱ ጥልቀቱን አልጠቀመውም። ሩዋንዳ ከኡጋንዳ ጋር ያላትን ድንበር ከ2019 እስከ 2022 ዘግታ ቆይታለች፣ በኪንሻሳና በኪጋሊ መካከል ያለው ደግሞ ከመዝጋትም የከፋ ነው። የገንዘብ ኅብረቱም ከ2024 ወደ 2031 ተሸጋግሯል።

ስለዚህ በቅርቡ የሚገባበት የተሟላ የፖለቲካ ኅብረት የለም። ቢኖርም እንኳ የደቡብ ሱዳን መሰናክል ብዙዎች እንደሚገምቱት የሉዓላዊነት ስሜት ብቻ አይደለም። ሥልጣን ለሌላ ለማስተላለፍ በመጀመሪያ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ሀገሪቱ የምትተዳደረው ነፃነት ሲታወጅ በወጣ የሽግግር ሕገ መንግሥት ነው፤ ከነፃነት በኋላ አጠቃላይ ምርጫ አልተካሄደም። በሴፕቴምበር 2018 አዲስ አበባ የተፈረመው የታደሰው የሰላም ስምምነት የታጠቁ ኃይሎችን በአንድ ዕዝ ሥር ለማዋሐድ፣ ቋሚ ሕገ መንግሥት ለመጻፍና ምርጫ ለማካሄድ ቀን ቆርጦ ነበር፤ ቀኖቹ ተደጋግመው ተራዘሙ። በ2024 የተደረገው ማራዘሚያ ምርጫውን ወደ ዲሴምበር 2026 ወስዶታል። በማርች 2025 ተቀዳሚ ምክትል ፕሬዚዳንት ሪየክ ማቻር በቁም እስር ውለው፣ በሴፕቴምበር በከባድ ወንጀል ተከሰው ፍርድ ቤት ቀርበዋል። የፌዴሬሽን ሕገ መንግሥት የሚያወያየው ቡድን ጁባ ሲደርስ የሚያወያየው ስለ የትኛው ሕገ መንግሥት እንደሚሆን መጠየቅ ይቻላል።

ተቃራኒው መከራከሪያም ቀላል አይደለም። በሀገር ውስጥ የተመጣጠነ ሥልጣን ሲታጣ ከውጭ የሚመጣ ሕግ መጠጊያ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ የ2017ቱ የተወካዮች ጉዳይ ለእነርሱ ማስረጃ ነው። ይሁንና ማህበረሰቡ በጦርነቱ ጊዜ ያሳየው ጥረት ውስን እንደነበር መታወቅ አለበት። የሰላሙን ድርድር የተሸከመው ኢጋድ እንጂ አሩሻ አይደለም። ማህበረሰቡ አባሉን ለማገድም ሆነ ለማባረር የሚያስችል አንቀጽ ቢኖረውም በዚህ ጉዳይ አልተጠቀመበትም።

ለኢትዮጵያ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ አባል አይደለችም፤ ሆኖም በጋምቤላ ክልል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠልላለች፣ ከ2011 ጀምሮም ለአብዬ ሰላም አስከባሪ ኃይል ለዓመታት ሠራዊቷን ስታዋጣ ቆይታለች። በ2023 ደግሞ ከጋምቤላ ድንበር ፓጋክ ተነስቶ ወደ ፓሎች የነዳጅ ቀጣና የሚዘልቅ 220 ኪሎ ሜትር መንገድ በኢትዮጵያ ብድር እንዲሠራ ስምምነት ተደርጓል። ይህ መንገድ የሚያልቅበት ድንበር ደቡብ ሱዳን የጋራ ታሪፉን በተሟላ መልኩ ስትሠራበት የሁለት ሀገሮች ድንበር ብቻ ሳይሆን የስምንት ሀገሮች የጉምሩክ አጥር ይሆናል። ከካምፓላ የሚመጣው ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ሲያልፍ ከጋምቤላ የሚሻገረው በእርከን ሊቀረጥ ይችላል። የሁለትዮሽ ንግድ ስምምነት ሲዘጋጅ ከጁባ ጋር ብቻ ተነጋግሮ መጨረስ እንደማይቻል የንግድና የጉምሩክ ባለሙያዎች ከወዲሁ ሊያዩት የሚገባ ጉዳይ ነው፤ የታሪፉ ለውጥ የሚወሰነው አሩሻ በሚሰበሰበው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነውና።

የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ይህን አጥር ዝቅ ሊያደርገው እንደሚችል ይጠበቃል። እስከዚያው ግን በኒሙሌ የሚያልፈው የጭነት መኪና በአንድ ደንብ፣ በፓጋክ የሚያልፈው በሌላ ደንብ ይስተናገዳል፤ የሁለቱንም ቀረጥ የሚጠብቀው ደግሞ ጁባ ላይ ያለው ያው አንድ ግምጃ ቤት ነው።